ለድርጅቷ ሐዘን የተቀመጠችው ብርነሽ

ብርነሽ ማረፏን የሰማሁት ከባጃጅ ላይ ነው። የዕድራችን ለፋፊ ድሮ በእግሩ እየዞረ ጥሩንባ ይነፋ ነበር፤ አሁን ባጃጅ ይሳፈርና በድምፅ ማጉያ ይለፍፋል። ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በደጃችን አለፈ። «የዕድራችን አባል ወይዘሮ ብርነሽ ቡታጅራ እህታቸው ቤት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ካለ በኋላ ያለውን የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። የቀረውን መስማት አላስፈለገኝም። እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

«ጌታ ሆይ፣ ተቀበላት» አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልመጣልኝም። ብትሰማኝ ኖሮ «ለእኔም ቃል ትቆጥቢያለሽ?» ትለኝ ነበር።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ ስለ ብርነሽ የሚነገረው ሁሉ መልካም ነበር። «ባለ ራእይ ነበረች» እያለ ራሱን የሚነቀንቀው ጎረቤታችን፣ በቁሟ «ይቺ ሴትዮ በታብሌቷ የልጆቻችንን ዓይን ልታጠፋ ነው» ሲል የነበረ ሰው ነው። «ለሕፃናት የኖረች» የሚሉት ሴትዮ ደግሞ ከእሷ የገዙትን ታብሌት በማግስቱ የመለሱ ናቸው። በሕይወት ሳለች የዚያን ድንኳን ሩብ የሚያህል ደንበኛ አልነበራትም። «ትሑት ነበረች» ያለም አለ። እዚህ ላይ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ሰዎቹ የማለቅስ መሰላቸው።

ብርነሽ ትሑት አልነበረችም። ወልቂጤ ውስጥ ምላሷ ያልደረሰበት ሰው ቢኖር ትናንት ከመኪና የወረደ መሆን አለበት። ልትናገር ስትል መጀመሪያ ሻሿን ፈታ ታደርግና መልሳ ታጠብቀዋለች። እጇ ወደ ሻሿ ሲሄድ ያየ ሰው «መጣሁ» ብሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ይህን የምጽፈው በድንኳኑ ውስጥ ያወሯትን ሴት ስለማላውቃት ነው። እኔ የማውቃት ሌላ ናት። ልጄን ያተረፈችልኝም ያቺ ሌላዋ ናት።

የተወለደችው አገና አካባቢ ነው፤ ያደገችው ቡታጅራ። ወልቂጤ መጥታ ለብዙ ዓመት መናኸሪያው አጠገብ ደብተርና እርሳስ ሸጠች። ባልም ልጅም አልነበራትም። «ለምን አላገባሽም?» ለሚሏት «ያያችሁትን አይቼ» ትላለች። ወደ ታብሌቱ ሥራ እንዴት እንደገባች ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ያለቁ ደብተሮች ለመጠቅለያ እገዛ ነበር። አንድ ቀን ገልጬ አየሁ። ሁሉም ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው። ልጁን ጠርቼ የገዛ ጽሑፉን አንብብልኝ ብለው አያውቀውም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት የሸጥኩ ሲመስለኝ የሸጥኩት ወረቀት ነው።»

ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች አፈላልጋ ፕሮግራሙን አሠራቻቸው። የከፈለቻቸው ግማሹን በብር፣ ግማሹን በክትፎ ነው። «ኮድ የሚጽፉት ሲጠግቡ ነው። ሲርባቸው ስልካቸውን ነው የሚያዩት» ትል ነበር። ታብሌቱ ፊደል ያሳያል፣ ድምፁን ያሰማል፤ ልጁ በጣቱ እየተከተለ ይጽፋል። ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ አጭር ታሪክ ይወስደዋል። ሱቋ በጣም ጠባብ ስለነበረች «የሕፃናት ትምህርት ቴክኖሎጂ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ታፔላ አልበቃት ብሎ፣ መጨረሻው ጎን ባለው ልብስ ሰፊ በር ላይ አረፈ። ሰፈሩ ሰውየውን «የግል ማኅበር» እያለ መጥራት ጀመረ። ሱሪ የሚያሳጥር ሁሉ «የግል ማኅበር ጋ ደርሼ ልምጣ» ይል ነበር።

ያን ጊዜ ልጄ ሐና አንደኛ ክፍል ስትገባ ለሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ሰነፍ አይደለችም። መጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ ፊደል ተሳስታ ስታነብ መምህሯ ተቆጣት፣ ልጆቹ ሳቁባት፤ ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። አንብቢ ስትባል ዝም። ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈቀደ ጠርተውኝ «ዘንድሮም ካላነበበች ቦታውን ለሌላ ልጅ ነው የምንሰጠው» አሉኝ። ባለቤቴ ተካ የብረት በር ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ቶሎ የሚቆርጥ ሰው ነው። «ቡታጅራ እህቴ ጋ ትሂድ። ሱቅ ታግዛታለች። ሁሉም ሰው ማንበብ የለበትም» አለ። የእህቱ ሱቅ ሥራ ብዙ ነው። የገባች ልጅ ከዚያ ወጥታ ትምህርት ቤት አትመለስም። ጾምኩ፣ ጸለይኩ። ለሰው ግን አልተናገርኩም።

ብርነሽ ራሷ መጣች። ከጸሎት ቤት ስንወጣ ያዘችኝ። እሷ ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ማስታወቂያ ሲጀመር ትወጣለች። «ስብከቱን ጌታ ይናገራል፣ ማስታወቂያውን ኮሚቴው» ትላለች።

«የሐና እናት፣ ለታብሌቱ ድምፅ የምትሆኚኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«አዎ። ወልቂጤ ውስጥ አንድ ቃል ተናግራ ዝም የምትል ሴት አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላዋን 'ሀ' በይ ብላት የአማቷን ታሪክ ጨምራ ትቀዳልኛለች።»

መኝታ ቤቷ ውስጥ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍና ቀዳችኝ። ፊደሎቹን ሁሉ አልኩ። ከዚያ ልጁ ትክክል ሲሠራ የሚሰማውን «ጎሽ»፣ ሲሳሳት የሚሰማውን «እስቲ እንደገና» አልኩ። ሌላ የምለው ካለ ጠበቅኩ።

«አለቀ» አለች።

«ደጋግሞ ቢሳሳትስ?»

«ደጋግመሽ ትያለሻ። ካርድ አይቆጥርብሽ።»

ገረመኝ። በሰው ሁሉ ላይ የምትዘብት ሴት በማሽኗ ውስጥ አንዲት ቁጣ እንኳ አላስገባችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት ማይክሮፎኑን እየጠቀለለች «ለልጅ የሚሆን ስድብ የለኝም። ያለኝ ለአዋቂውም አልበቃኝ» አለች።

ችግሩ የጀመረው እዚያው ላይ ነው። የገዙት ወላጆች በየተራ ይመልሱላት ጀመር። ዕቃው አልተበላሸም፤ ልጆቹም አልጠሉትም። ቅሬታው አንድ ነበር።

«አይቆጣም እንዴ?»

«አይቆጣም።»

«ልጁ ሲሳሳት ዝም ብሎ 'እስቲ እንደገና' ነው የሚለው። ሳይፈራ እንዴት ይማራል?»

«እርስዎ ተቆጥተው ምን አስተማሩት?» ትላለች ሻሿን እያጠበቀች።

ብራቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። አንድ አባት ግን አማራጭ አመጣላት። ድምፄ ጥሩ ነው፣ ቁጣውን እኔ በነጻ እቀዳልሻለሁ አላት። እሷም «ለዚህ ሥራ ካመለከቱት ሃምሳኛው ነህ፤ ለ'ጎሽ' ግን እስካሁን አንድም አልመጣም» ብላ መለሰችው። ከተማው ሁሉ ሳቀ። ታብሌት ግን አልገዛም።

ያልተሸጡት ሱቋን ሲያጣብቡ ብርነሽ ዕድሩን አየች። ዕድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ የሰፈር ዕድር ነው። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ በሬ የሚውጥ ብረት ድስት አለው። ማንም ለብቻው አይገዛቸውም፤ ሁሉም ይጠቀምባቸዋል። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስታ «ድስት በጋራ የምንይዝ ሰዎች ታብሌት በጋራ መያዝ ያቅተናል?» አለች። ዕድሩ ታብሌቶቹን በትንሽ በትንሽ ከፍሎ እንዲይዝ፣ ልጅ ያለው አባልም እንዲወስድ ተስማማን። የዕድሩ ሊቀመንበር እኚያው አቶ ፈቀደ ናቸው። «ዘመናዊ ዕድር» ብለው አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። እጄን አንስቼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በማግስቱ እናቶች ተሰብስበን ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆምን። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሽ ስርሞሎ ናቸው። ከእሳቸው እጅ ማንኪያ ጠፍቶ አያውቅም። በሩን ከፍተው አዩንና ፊታቸውን አዘን አድርገው ጠየቁን።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሽ ስርሞሎ። ታብሌት ልንወስድ ነው።»

«ማንም ካልሞተ ለምን መጣችሁ?»

ደንቡ እንዲህ ነው፦ የዕድር ዕቃ የሚወጣው ሐዘን ሲደርስ ነው። ታብሌቶቹ የዕድር ዕቃ ሆነው ተመዝግበዋል። ጋሽ ስርሞሎ አይጥ እንዳይነካቸው ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ አስገብተው ክዳኑን በሽቦ አስረውታል። ከእኛ መካከል፣ ብርነሽም ብትሆን፣ ስናጨበጭብ ይህን ያሰበ አልነበረም። ብርነሽ ተጠርታ መጣች። ሻሿ ላይ እጇ ነበር።

«ጋሽ ስርሞሎ፣ ልጆቹ ፊደል እንዲለዩ ስንት ሰው ይሙትልዎ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የእግዜር ሥራ ነው።»

«ደንቡ ለድስቱ ነው የወጣው።»

«ታብሌቱ ድስቱ ውስጥ ነው ያለው» አሉ።

አቶ ፈቀደ ዘንድ ሄደች። ደንብ የሚለወጠው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ጉባኤው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው አሏት። ያን ዓመት የነበረው ያጨበጨብንበት ነው።

እንግዲህ የሰፈራችን ልጆች ሰው ሲሞት መማር ጀመሩ። ለፋፊው ሲያልፍ እናቶች ከንፈር ይመጥጣሉ፣ ልጆች ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ድንኳኑ ውስጥ አዋቂዎች በአንድ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ፤ ልጆቹ በሌላው ጥግ በታብሌቶቹ ላይ ያጎነብሳሉ። ከድንኳኑ ውስጥ የእኔ ድምፅ «እስቲ እንደገና» ሲል ይሰማል። የሞተው ሰው ዘመዶች መጀመሪያ ተቀይመው ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ሐና ያን ማሽን ወደደችው። አይስቅባትም፤ ሰዓት አያይባትም። የ'ሀ'ን ቤት የጨረሰችው በአንድ ሽማግሌ ሐዘን ላይ ነው፤ የ'ለ'ን በአንድ ነጋዴ። ነፍሳቸውን ይማር። ሐዘኑ ሲያበቃ ጋሽ ስርሞሎ ዕቃቸውን ቆጥረው ይሰበስባሉ። ቀጣዩ ሐዘን እስኪመጣ ሐና ግማሹን ትረሳለች።

በደጃችን አንዲት እማማ በቀለች የሚባሉ አዛውንት አሉ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቆም እያሉ «እማማ፣ ዛሬስ እንዴት አደሩ? ሳሉ አልተሻለዎትም?» ይሏቸው ጀመር። እማማ በቀለች ደስታቸው ልክ አጣ። «ይህ ትውልድ ተባርኳል። የእኔ ልጆች እንኳ እንዲህ አይጠይቁኝም» አሉኝ። ምን ልበል? «አሜን» አልኩ።

ሰኔ ሲደርስ አቶ ፈቀደ ራሳቸው ሐናን ሊፈትኗት ቀጠሮ ይዘዋል። ከወደቀች የቡታጅራው ነገር ያለቀ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ከእራት በፊት የሐና የመጸለይ ተራ ነበር። ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ እንጀራችንን ባርክ። አባዬን ባርክ» ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እባክህ ከፈተናው በፊት አንድ ሰው ውሰድ። የታመመ ይሁን» አለች።

ተካ እጁ ላይ የያዘውን ቁራሽ መለሰ። ማንን ልቆጣ? ልጄ የጸለየችው የተማረችውን ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ድምፅ የእኔ ነው።

በማግስቱ ሱቋ ሄጄ ለብርነሽ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። በጣም ሳቀች፤ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «'የታመመ ይሁን' አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ብርነሽ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ለፋፊው በባጃጅ መጣ። «ወይዘሮ ብርነሽ ሐዘን ስለደረሰባቸው የዕድሩ አባላት እንድትደርሱ» ይላል። ሮጥን። ብርነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መሬት ላይ በፍራሽ ተቀምጣለች።

«ማነው የሞተው?» አልናት።

«ድርጅቴ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «የግል ማኅበር» የሚባለው ልብስ ሰፊ «ድርጅት ይሞታል እንዴ?» አለ።

«ወልቂጤ ውስጥ? በየሳምንቱ» አለችው። «ይኸው የእኔ ከነሕይወቱ ድስት ውስጥ ተቀበረ።»

ለታብሌቶቹ ብላ እንደሆነ ገባኝ፤ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። «ብርነሽ፣ ሞት አይቀለድበትም። ጌታ አይወድም።»

«በሞት አልቀለድኩም፣ የሐና እናት» አለች በሹክሹክታ። «በደንቡ ነው። ደግሞ ልጅሽ ከጌታ ሰው ከምትለምን እኔ ድርጅቴን ብሰጥ አይሻልም?»

ተመልሼ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ።

አቶ ፈቀደ መጥተው ተቆጡ። መቆጣት ሥራቸው ነው። ይህ በዕድሩ ላይ መቀለድ ነው፣ ዕቃ አይወጣም አሉ። ሁላችንም ጋሽ ስርሞሎን አየን። ሰውየው ጥቂት አሰቡና «ደንቡ 'አባል ሐዘን ሲደርስበት' ነው የሚለው። ሰው ሲሞት አይልም። ያለቀሰ አባል ካለ ዕቃ ይወጣል» አሉ። ከዚያም ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን ከነታብሌቶቹ አስጭነው መጡ። ስንለምናቸው የከለከሉን በደንቡ ነበር፤ ያለ ልመና የሰጡንም በደንቡ ነው። እኚህን ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።

ሐዘን ጥቂት ቀን ነው፤ ሽማግሌዎች መጥተው «በቃሽ፣ ተነሺ» ይላሉ፣ ሐዘንተኛዋም ትነሳለች። ለብርነሽም መጡ።

«በቃሽ፣ ተነሺ።»

«አልወጣልኝም።»

ከሳምንት በኋላም መጡ። «ገና ነው» አለች። ድንኳኑና ድስቱ ለሌላ ሐዘን ሲፈለጉ ተነቅለው ሄዱ። ታብሌቶቹን ግን የፈለጋቸው ሐዘንተኛ የለም፤ እሷ ጋ ቀሩ። ጋሽ ስርሞሎ በየሳምንቱ እየመጡ «ተነሳሽ?» ይሏታል። «አልተነሳሁም» ትላለች። ቆጥረው፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።

ቤቷ በልጆች ተሞላ። ብርነሽ ጥቁሯን ለብሳ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ሊያጽናና የሚመጣ አዋቂ ሁሉ የድርሻውን ሰምቶ ይወጣል። «ልጄ ለውጥ አላሳየም» ያለቻትን እናት «አንቺ ስንት ዓመት ወሰደብሽ?» አለቻት። ልጅ ሲሳሳት ግን ሻሿን ትነክሳለች እንጂ አትናገርም። ሐና ከሁሉም በፊት መጥታ ከሁሉም በኋላ ትሄድ ነበር።

ይህ ሁሉ ለብርነሽ በነጻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ተደወለላት። እንደ እሷ ያሉ ድርጅቶች ባለሀብቶች ፊት ቀርበው ሥራቸውን የሚያስረዱበት ቀን ነበር። ለዓመታት ስትጠብቀው እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው የጠየቋት። ነገር ግን ሐዘንተኛ መንገድ አይወጣም። መናኸሪያ ከታየች ሐዘኗን ጨርሳለች ማለት ነው፤ አቶ ፈቀደም ይህችን ቀን ነበር የሚጠብቁት።

«ሂጂ» አልኳት። «ለሐና ጌታ ሌላ መንገድ አያጣም።»

«አያጣም። ግን እሱም መንገድ ሲሠራ አስፋልቱን በሰው ነው የሚያስነጥፈው» አለች። ከዚያ ስልኩን አንስታ ደወለች፤ እኔ ከጎኗ ነበርኩ። «ይቅርታ፣ መምጣት አልችልም። ሐዘን ላይ ነኝ።» ወዲያ ያለው ሰው አጽናናትና ማን እንደሞተባት ጠየቀ መሰለኝ። «የምታውቁት ነው። ያው እናንተ ልትገዙት የነበረው ድርጅት» ብላ ዘጋችው። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እሷም ብዙ አልሳቀችም። ሁለተኛ አልደወሉላትም።

የፈተናው ቀን ሐናን ይዤ ሄድኩ። አቶ ፈቀደ ቢሯቸው ውስጥ አንድ ገጽ አስቀመጡላትና «አንብቢ» አሉ። ጀመረች። ድምፅዋን ከሰማሁ ዘመን የሆነኝ መሰለኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ተሳሳተች። ቆመች። አቶ ፈቀደ ሰዓታቸውን አዩ። አንገቷን እየሰበረች ስትሄድ አየሁ፤ የድሮው ዝምታ መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጄ ግን ቀና አለችና ለራሷ፣ በእኔ ድምፅ ዓይነት፣ «እስቲ እንደገና» አለች። መለሰችና አነበበችው። እስከ ታች አነበበች።

አቶ ፈቀደ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይህን ማን አስተማራት?» አሉኝ። «ሐዘንተኛዋ» አልኳቸው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ብርነሽ ሄድን። ከበሩ ላይ ፊቴን አይታ ዐወቀች። ተነሳች፣ ጸጉሯን ታጠበች፣ ጥቁሩን አውልቃ ቢጫ ቀሚስ ለበሰች። ጋሽ ስርሞሎን አስጠርታ «አሁን ወጣልኝ» አለቻቸው። ቆጥረው ወሰዱ።

በቀጣዩ ጉባኤ «ወይም ለትምህርት» የሚል ቃል ደንቡ ውስጥ ይግባ ሲባል አንድም ሰው አልተቃወመም። እነዚያ ሰዎች ለትምህርት አዝነው እንዳይመስላችሁ። ብርነሽ እንደገና ሐዘን ትቀመጣለች ብለው ፈርተው ነው። ከዚያ በኋላ እሷ ሌሎች ታብሌቶች በጆንያ አድርጋ በሚኒባስ ቡኢ፣ አገና፣ ቡታጅራ እየዞረች ለየዕድሩ ሰጠች። የትም ስትደርስ የመጀመሪያ ንግግሯ «መጀመሪያ ደንባችሁን አንብቡልኝ» የሚል ነበር። ሀብታም አልሆነችም። ታፔላው እስከ ዛሬ በልብስ ሰፊው በር ላይ ነው።

በቀብሯ ዕለት አስከሬኗ ከቡታጅራ በአገና በኩል መጣ። ጋሽ ስርሞሎ ድንኳኑን ራሳቸው ቆመው አስተከሉ። ታብሌቶቹንም አመጡ፤ የጠየቃቸው አልነበረም። የሕይወት ታሪኳን እንዲያነቡ የተመረጡት አቶ ፈቀደ ናቸው። አነበቡ፤ የተወለደችበትን፣ ያደገችበትን፣ የሠራችውን። «ወይዘሮ ብርነሽ ለዕድራችን ልጆች ስትል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። እንደገና ሞከሩና ቃሉ ጠፋባቸው። ያ ሁሉ ሰው አቀርቅሮ ጠበቀ። ዕድሜ ልካቸውን ልጆች ሲሳሳቱ ሰዓት ያዩ ሰውዬ ናቸው። ሰዓት ያየባቸው ግን አልነበረም።

ከጎኔ ሐና ቀና አለች። አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። ጮክ ሳትል፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «እስቲ እንደገና» አለች።

ሴቶቹ ዞረው አዩን። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ፈቀደ ወደ እሷ አዩ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ወረቀቱን ከፍ አደረጉ። መለሱና አነበቡት። ሳይቆሙ እስከ ታች ሄዱ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ በክርኗ ነካችኝ። ታብሌቷን በማግስቱ ከመለሱት አንዷ ናት።

«በቀብር ላይ እንዲህ ስትል አትቆጪያትም እንዴ?»

«አልቆጣም» አልኳት።